አለ ያልኩት ዓሣ

ሥራዬ ሚዛን መያዝ ነበር። ጉማራ ወንዝ ከጣና ሐይቅ ጋር ከሚገናኝበት አፍ ላይ፣ ደንገሉ ታጭዶ ካለቀ አንድ ሜዳ ዳር፣ ጠዋት ጠዋት እቆማለሁ። ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን አውጥተው ሲመጡ የያዙትን እመዝናለሁ፣ ርዝመቱን በማስመሪያ እለካለሁ፣ ከየጆንያው ጥቂቱን መርጬ ሆዱን ቀድጄ አያለሁ፣ ያየሁትንም እጽፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ወረታ ገብቼ ደብተሩን ለቀጠረኝ የዓሣ ሀብት ቢሮ አስረክባለሁ። ይኸው ነው። በባጃጅ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔም ከሽታው ይልቅ የሰዉ ፊት ያናድደኝ ነበር። ሲበሉት አይሸታቸውም እኮ።

ሰው ግን ሥራዬን እንዲህ ቀላል አድርጎ አላየውም። ዓሣ እንድትቆጥር ደሞዝ የሚከፈላት፣ ፊደል የቆጠረች ተባልኩና ስለ ሐይቁ የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። ዘንድሮ ይያዛል ወይ? የትኛው ዳር ይሻላል? እኔም ሰው ነኝ፣ መጠየቁን ወደድኩት። አስጋሪዎቹ ሆድ ስለምቀድ "የዓሣ አዋላጅ" ብለው ሲቀልዱብኝ አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤን ግን ኩራት ኩራት ይለው ነበር። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው የምለው አሁን ነው።

ዛሬ ስለ ጣና ዓሣ ሲወራ እምቦጩ ነው ይባላል፣ አሸዋ የሚያወጡት ናቸው ይባላል፣ ለሩዙ የሚረጨው መድኃኒት ነው ይባላል። ሁሉም እውነት አለው፣ አልከራከርም። እኔ የምጽፈው ግን ስለ አንድ ሰው ነው። ታናሽ ወንድሜ በእኔ ቃል በሬዎቹን ሸጦ መረብ ገዛ። ከዚያ ወዲህ የደረሰበትን ሁሉ ሳስበው፣ ከእኔ አፍ በላይ ጥፋተኛ አላገኝም።

አባታችን ገበሬ ነበሩ። ቤታችን ፎገራ ሜዳ ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃው ደጃችን ድረስ ይመጣል፣ ጎረቤት ለመጠየቅም ታንኳ ይፈለጋል። ከመሞታቸው በፊት ሁለታችንን አስቀምጠው መሬቱንና ጥማድ በሬውን ለወንድሜ ሰጡ። እኔን ደግሞ ያንቺ ድርሻ ትምህርትሽ ነው፣ በእሱ እያየሽ ወንድምሽን ምሪው አሉኝ። በጊዜው ተቀይሜያቸዋለሁ። ደብተር አይታረስ፣ አይታለብ። ሥራ ሳገኝ ግን ቃላቸውን አክብጄ ያዝኩት፤ ወንድሜም ከእኔ አብልጦ ያዘው። በየነገሩ "እታለም ታውቃለች" ማለት አበዛ። ሚስቱ እንኳ አንዳንዴ ይሰለቻት ነበር።

አባታችን ስለ ዓሣ አንድ ነገር ይነግሩን ነበር። ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ሐይቁ ውስጥ የሚያድገው ትልቁ ዓሣ፣ ክረምት ሲገባ ከጣና ወጥቶ ጉማራንና ርብን ይዞ ሽቅብ ይሄዳል። እንቁላሉን የሚጥለው እላይ፣ ወንዙ ጠጠር የሚሆንበት ቦታ ደርሶ ነው። በእኛ አገር ሴት የበኩር ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነውና፣ ዓሣዋም እናቷ ቤት ልትወልድ ነው የምትወጣው ይሉናል። ነፍሰ ጡር ሴትን መንገድ ላይ አድፍጦ የሚጠብቅ ምን ዓይነት ሰው ነው ይሉና ደግሞ ይቆጣሉ፣ እኛ ያደፈጥን ይመስል። ጻድቅ ነበሩ ማለቴ አይደለም። በጋ ላይ እንደ ሰው ሁሉ የብርብራ ፍሬ አስወቅጠው ኩሬ ውስጥ ሲበትኑና ሰክሮ የተንሳፈፈውን ዓሣ ሲለቅሙ በዓይኔ አይቻለሁ። ክረምት ላይ ግን ጉማራ ሲሞላ ማን ይገባል? ዓሣዋን ከሰው የሚያስጥላት ጎርፉ ነበር። በኋላ ባለ ሞተሩ ጀልባና እንደ ፀጉር የቀጠነው የላስቲክ መረብ መጡና ጎርፉን የሚፈራ ሰው ጠፋ።

ወንድሜ የጠየቀኝ ነሐሴ ውስጥ ነው፣ በፍልሰታ ጾም ሰሞን። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ እተወዋለሁ፤ ወረታ ላይ ግን ይበላል፣ ያውም ተሻምቶ። ያን ጠዋት ጀልባዎቹ ጠርዛቸው ውሃ ሊነካ ደርሶ መጡ። ጆንያ በጆንያ ላይ ተከመረ። ሚዛኔ አንዱን ጆንያ አልችል ብሎ ለሁለት እየከፈልን ነበር የምንመዝነው። ወንድሜ ሊያየኝ መጥቶ እዚያው ቆሟል። ያ ዓመት ለእሱ ክፉ ነበር፤ ጎርፉ ከልኩ አልፎ ሩዙን ወስዶበታል፣ ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን ከወለደች ገና ወሯ ነው። ጆንያዎቹን እያየ ብዙ ቆየና፣ በሬዎቹን ሸጦ ከአንድ ጓደኛው ጋር ጀልባና መረብ ለመያዝ እንዳሰበ ነገረኝ። መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶታል፣ እሱንም የምታውቀው እኔ ነኝ።

"እታለም፣ ዓሣው ያዛልቃል?" አለኝ።

ደብተሬን ገለጥኩለት። ያምናውን ነሐሴና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አሳየሁት፤ ዘንድሮ ይከብዳል። ጣቴን ቁጥሩ ላይ አድርጌ እንደ አስተማሪ አስረዳሁት። ወይ ነዶ።

"አለ" አልኩት። "እንዲያውም ከአምናው በዝቷል።"

"በቃ፣ አንቺ አለ ካልሽ አለ ነው" አለኝና ፊቱ በራ።

ይህን ስናወራ በግራ እጄ አንዲት ዓሣ ይዤ ነበር። ሆዷን ቀድጃት እንቁላሏ በጣቶቼ መሃል ይፈስሳል። "እንቁላል የያዘ" በሚለው ዓምድ ሥር ምልክት አደረግሁ። ከእሷ በፊት ለቀደድኳቸውም፣ ከእሷ በኋላ ለቀደድኳቸውም ያው ምልክት ነው። ያን ጠዋት አንድም ባዶ ሆድ አላገኘሁም። ታዲያ ለምን ሁሉም ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። አሁን ሳስበው፣ በገበያ ቀን ወረታ ላይ ቆሞ የሰዉን ግፊያ አይቶ የአገሩ ሰው በዛ እንደማለት ነው። ሰዉ ከየቀበሌው ለገበያ መጣ እንጂ ያን ቀን አልተወለደም። ዓሣዋም ከሐይቁ ሁሉ ተሰብስባ ወንዙ አፍ ላይ የደረሰችው ሽቅብ ልትወጣ ነው፤ መውጫዋ ላይ መረብ ጠበቃት። እኔ ደግሞ መረቡ የያዘውን መዝኜ ሐይቁ ደኅና ነው አልኩ። አባቴ የነገሩኝ ነገር ነው። ትምህርት ቤትም ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። አላውቅ ብዬ አይደለም፤ የሚዛኑ ክብደት ደስ ስላሰኘኝ ነው።

በሬዎቹ የተሸጡት መስከረም ላይ ነው። አብሬው ገበያ ሄድኩ። የፎገራ በሬዎች ናቸው፣ ቁመናቸው ገዥ አላጣም። በሬ ሲሸጥ ገመዱ አይሰጥም፣ በረከት ተከትሎ ይሄዳል ስለሚባል ወንድሜ ገመዶቹን ፈትቶ አስቀረና በገዥው ገመድ አሳሰራቸው። ሲጎተቱ አንደኛው ቆመና ወደ እኛ ዞረ። እኔ ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ያጽናናኝ እሱ ነው፤ ምን ሆነሻል፣ ዓሣ ድርቆሽ አይፈልግ፣ እረኛ አይፈልግ እያለ ይቀልድብኛል። እስከ ቤት ድረስ ግን ባዶዎቹን ገመዶች በእጁ እንደጠቀለለ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር፣ መዋሸት አልችልም። ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፣ ለሚስቱ ቀሚስ፣ ለእኔ ጥሩ ነጠላ ገዛ። ዓሣም ይልክልኛል፣ እኔም እበላለሁ፣ ይጣፍጠኛል። በሰፈሩ ስሜ ገነነ። እሱን ያዩ ሌሎች ሰዎችም እየመጡ ጠየቁኝ፣ ለእነሱም ደብተሬን ገለጥኩ።

በሁለተኛው ክረምት ማስመሪያዬ ሌላ ነገር ነገረኝ። ጆንያው ያው ይሞላል፤ የሚሞላው ግን ጀልባው ስለበዛና መረቡ ስለጠበበ ነው። ዓሣዋ አጥራለች። እንቁላል ይዘው የሚመጡት ራሳቸው ገና አላደጉም፣ ልጅ ሆነው ያረገዙ ይመስላሉ። ለኃላፊዬ ነገርኳቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ በደንብ አብራርተሽ ጻፊው አሉኝ። አብራርቼ ጻፍኩ። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄደ። ወደ ላይ የሄደ ሪፖርት ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም፣ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ለወንድሜ ግን አልነገርኩትም። ምን ብዬ? በሬዎቹ ተሸጠዋል። አንድ ክረምት ልይና እላለሁ፣ ደግሞ አንድ ክረምት ልይና እላለሁ። ምናልባት ይሻሻላል ብዬ ነው ለማለት እፈልጋለሁ፤ እውነቱ ግን ያ "እታለም ታውቃለች" የሚለው ነገር ከእጄ እንዳይወጣ ነው። እሱም አልጠየቀኝም። ሲያገኘኝ ስለ ልጆቹ ያወራኛል፣ ስለ ጀልባው ሞተር ያማርራል፣ ስለ ዓሣው ዝም። እኔም ዝምታውን እንደ ደኅንነት ቆጠርኩት።

በሦስተኛው ዓመት ቢሮው አስጋሪዎቹን ሰብስቦ ክረምት ላይ ወንዝ አፍ ላይ መረብ አትጣሉ አለ። እኔ ከነደብተሬ ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ። አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ተነሥተው፣ በየዓመቱ በዛ በዛ ስትሉን የኖራችሁት እናንተው አይደላችሁም ወይ ብለው ጠየቁ። አነጋገራቸው የቁጣ አልነበረም፣ መልስ የሚጠብቁ ነበር የሚመስሉት። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር፣ ከኋላ የተቀመጠው ወንድሜ ብቻ መሬት መሬት ያያል። እንዳላፍር ብሎ ነው። ያን ቀን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። ከስብሰባው የወጣው ሰው ደግሞ እኔ ብተው ጎረቤቴ ይጥላል እያለ መረቡን ጣለ። ወንድሜም ጣለ።

በአራተኛው ዓመት ነጭ ዓሣ በስም ቀረ። መረብ ላይ የሚገኘው መዳፍ የማያክል፣ ቀረሶ የሚባል ሌላ ዓሣ ነው፤ እሱንም ለመመዘን አፍሬ በእጄ ገምቼ የጻፍኩበት ቀን አለ። ጓደኛው ድርሻውን ትቶ ወጣ። ወንድሜ ብቻውን እምቦጩ ውስጥ ወገቡ ድረስ እየገባ መረብ ሲጎትት ጉልበቱን ቁርጥማት ያዘው። መሬቱ በእኩል አራሽ እጅ ነው፤ በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ቢያስመልስስ በምን ያርሰዋል? ሚስቱ የሰው ሩዝ ልታጭድ መውጣት ጀመረች። እኔን ስታገኘኝ ሰላምታዬን ትመልሳለች፣ ቤቷ ስገባ ግን ተቀመጪ አትለኝም። አልፈረድኩባትም።

በሚቀጥለው ጥቅምት ላይ፣ ጉልበቱን ይሻለዋል ብዬ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወሰድኩት። በሽተኛው ብዙ ነው፤ ተራ እየጠበቀ ይታጠባል፣ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። እሱ ታጥቦ ሲወጣ እግሩን በጋቢ ጠቅልዬለት ከሥር በሚያልፈው ጉማራ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ክረምቱ አልፎ ውሃው ጠርቷል፣ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታያል። አባታችን እናቷ ቤት የሚሉት ይህን የመሰለውን ቦታ ነው። ጊዜውም ጊዜዋ ነበር፤ ቢያንስ የዘገዩት ጠጠሩ ላይ ሲንፈራገጡ መታየት ነበረባቸው። ዓይኔ እስኪደክም አየሁ። ውሃው ብቻ ይሄዳል። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

በጠየቀኝ ቀን የቀደድኳቸው ዓሣዎች ሁሉ እንቁላል እንደነበራቸው ነገርኩት። ሊወልዱ ተሰብስበው እንጂ በዝተው እንዳልነበረ፣ እኔ ይህን ማወቅ የሚገባኝ ሰው እንደነበርኩ፣ በማግሥቱ ዓመት ዓሣዋ ማጠሯን አይቼም እንደደበቅሁት፣ ሁሉንም ሳላስቀር ነገርኩት። እያለቀስኩ ነበር። እሱ እየሰማኝ ጠጠሩን ያያል።

"አንቺ የቀደድሽው ጥቂቱን ነው" አለኝ ዝግ ብሎ። "እኔ ሁሉንም ነው የቀደድኩት። ጀልባው ውስጥ እንቁላሉ እግሬን ያዳልጠኝ ነበር። የአባባን ነገርም አልረሳሁትም፣ እታለም። በየቀኑ ትዝ ይለኝ ነበር። አንቺ አለ ስላልሽ ነው ዝም ያልኩት።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጋቢውን ደጋግሜ አስተካከልኩለት፣ ምንም እንኳ ባይዛነፍ። እሱ ቀጠለ። ከመንደራችን ጥቂት ሰዎች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሊወርዱ ነው፤ አብሮ ሊሄድ አስቧል። በዚያ ጉልበቱ፣ ወደዚያ በረሃ። ከአጨዳው በኋላ ደግሞ ከዚያም አልፎ ይሄድ ይሆናል፣ አያውቅም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ዓሣዋ ትመለሳለች? ትመለሳለች ካልሽ አልሄድም። ሁለት ክረምትም ይሁን ሦስት፣ የሰው ሩዝ እያጨድኩ እጠብቃታለሁ።"

ወንድሜ ነው። ሌላ ወንድም የለኝም። ሁለት ሴት ልጆቹ አባታቸው ማታ እስኪገባ እራት አይበሉም። ትመለሳለች ብዬ ብነግረው ይቀራል፤ አንዲት ቃል ናት። አፌም ቃሏን ይዞ ተከፍቶ ነበር፣ እግዜር ምስክሬ ነው። ስለ ሐይቁ የማውቀውን ሁሉ አሰብኩ፦ በስብሰባ የተባለው ቢከበር፣ መረቡ ከወንዙ አፍ ቢነሣ፣ ውሃው በፓምፕ ተስቦ ባያልቅ፣ አሸዋው ባይዛቅ። ቢ ቢ ቢ ብቻ ነው ያገኘሁት።

"አላውቅም" አልኩት።

የተናደደ አልመሰለኝም። ጉልበቱን በሁለት እጁ እያሸ ነበር።

"ያኔም እንዲህ ማለት ትችዪ ነበር?" አለኝ።

"እችል ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ቀን ታጥቦ ተመለስን። በሳምንቱ ከወረታ ወደ ጎንደር በሚሄድ መኪና አሳፈርኩት፤ ስንቁን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፣ ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ሰሊጡ ታጭዶ አለቀ፣ እሱ ግን አልተመለሰም፤ ከዚያም ወደ ሌላ ቦታ አለፈ። እነሆ ሁለት ዓመት ሆነው። ለበዓል ለበዓል ይደውልልኛል። ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ይጠይቀኛል፣ ዝናቡ እንዴት ነው ይለኛል። ስለ ዓሣው ጠይቆኝ አያውቅም።